ስባሪው ይምጣ

በቢቸና ከተማ አቶ ሀብተ ሥላሴን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚወዳቸው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ መጥረጊያ እንኳ ያለ ደንቡ ከእጃቸው አልወጣም። ደንቡን ያወጡት እሳቸው አልነበሩም፤ እንደ እሳቸው ያጠበቀው ግን ማንም የለም። አሮጌው ሳይመለስ አዲሱ አይወጣም። አካፋው የተሰበረበት ሠራተኛ ስባሪውን ይዞ ይመጣል፤ እስክሪብቶ ያለቀበት ጸሐፊ ባዶውን ቀፎ ያሳያል። «ጠፋብኝ» የሚል ቃል በእሳቸው መስኮት በኩል አያልፍም ነበር።

ባልደረቦቻቸው ያሾፉባቸው ነበር። «ጋሼ ሀብቴ ጥርስ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ፣ የወለቀውን ሳታመጣ ሌላ አይተክሉልህም» ይባባላሉ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ይህን ሰምተው አይቆጡም። የሌሎች መጋዘን ሲራቆት የእሳቸው ሙሉ ሆኖ ይገኝ ስለነበር፣ ፌዙን እንደ ምስክርነት ይቀበሉት ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ደንቡ ተከትሏቸው ወደ ቤት ገባ፤ ቤታቸው ውስጥ ከአካፋና ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር ነበርና። ብቸኛ ልጃቸው ብሩክታይት ገና ተማሪ ሳለች የስኳር ሕመም እንዳለባት ታውቆ ነበር። ሐኪሙ በዚያን ጊዜ ነገሩን ሳያለሳልስ ነገራቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች በሕይወት የምትቆየው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስርጉት እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አለቀሱ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ለቅሶውን ለሌላ ጊዜ አቆይተው መጠየቅ ጀመሩ። መድኃኒቱ ከየት ነው የሚመጣው? ቢቋረጥስ? ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው በምን ያቆየዋል? ማቀዝቀዣ ያለውስ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል?

ጥያቄውን ጠይቀው አልተቀመጡም። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከባሕር ዳር ዘመድ በመጣ ቁጥር አንድ ሁለት ብልቃጥ ያስመጡ ጀመር። በጓዳው ጥግ፣ ጭስም ፀሐይም በማይደርስበት ቦታ፣ ትልቅ የሸክላ ጋን አስቀመጡና ውስጡን በእርጥብ አሸዋ ሞሉት። በአሸዋው መሃል ትንሽ ገንቦ ቀበሩ፤ ብልቃጦቹ በዚያች ገንቦ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውኃ ያጠጡታል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ በየጊዜው ያገላብጧቸዋል። በበጋም ቢሆን ጋኑ እንደ ምንጭ ዳር ይቀዘቅዝ ነበር።

ይህ ድካም ከንቱ አልነበረም። አንድ ዓመት ኢንሱሊን ከከተማው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ጠፋ። መብራትም አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ይጠፋ ስለነበር፣ ማቀዝቀዣ ያላቸው ሰዎች በየቤታቸው ያስቀመጡት ተበላሸባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብሩክታይት አንድም ቀን መርፌዋ አልተቋረጠባትም፤ ትምህርቷንም አላስታጎለችም። ልጅቱን በሕይወት ያቆያት የአባቷ አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ከዚህ አልፎ ማመስገን ግን ማጋነን ነው። አስቀድሞ ማሰብ ሰውን ከክፉ ቀን ያድነዋል፤ አስቀድሞ ያሰብኩ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ማመን ደግሞ ሌላ ክፉ ቀን ያመጣል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተሻገሩበትን ቀን ራሳቸውም አላወቁትም።

ብሩክታይት መምህርት ሆና ሞጣ ተመደበች፤ እዚያው ሰማው የሚባል ልብስ ሰፊ አገባች። በመልሱ ማግስት፣ እንግዳው ሁሉ ተበትኖ ቤተሰቡ ብቻ ሲቀር፣ ሰማው ጎንበስ ብሎ ነገር ጀመረ።

«አባባ፣ ከመሄዳችን በፊት ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልበልዎት። ግማሹ እዚህ ይቀመጥ፤ ግማሹን እኛ እንያዘው። ጋን መግዛትና አሸዋ ማርጠብ ለእኔም አያቅተኝም።»

«ማርጠቡስ አያቅትህም። የሚያቅተው ሳይረሱ ማርጠብ ነው።»

«እርስዎ የረሱት ነገር የለም?»

«የለም።»

ወይዘሮ ስርጉት ከጓዳ ሆነው፣ «የሠርጋችን ዕለት አህያ ሊሸጥ ገበያ ወርዶ በሽማግሌ ነው ያስመጣነው» አሉ።

ሰማው ሳቀ፤ ብሩክታይትም ሳቀች። አቶ ሀብተ ሥላሴ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ልጃቸው ኮሌጅ ሳለች አንድ ብልቃጥ መስኮት ላይ ረስታ ፀሐይ እንደበላው አነሱባት።

«ልጅ ነበርኩ እኮ አባባ» አለች ብሩክታይት።

«ፀሐዩ ልጅ ነሽ ብሎ አልማረልሽም።»

ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ውሳኔው የአቶ ሀብተ ሥላሴ ነበር። በብሩክታይት እጅ ሁልጊዜ አንድ የተከፈተና አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ ይኖራል። የተከፈተው ሲያልቅ ባዶውን በአምላኩ እጅ ወደ ቢቸና ትልካለች። አምላኩ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ባዶው ሲደርስ አቶ ሀብተ ሥላሴ ከጋኑ አንድ ሙሉ ብልቃጥ አውጥተው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በፔርሙስ ውስጥ አድርገው በዚያው አውቶቡስ ይልኩላታል። ለዓመታት አንድም ጊዜ ሳይሰናከል ሄደ። እሳቸውም ከዚህ የተሻለ አሠራር ሊኖር እንደማይችል አመኑ። ሰው ያልተፈተነ ነገሩን የተፈተነ አድርጎ የሚቆጥረው እንዲህ ነው፤ መንገዱ ክፍት በሆነበት ዘመን ሁሉ የፈተኑት አሠራራቸውን ሳይሆን መንገዱን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ አምላኩ ባዶ እጁን መጣ።

«የታለ ባዶው?» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ።

«ባዶ የለም ጋሼ። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከእጇ ወድቆ ተሰብሮባታል። አሁን የቀራት የተከፈተው ብቻ ነው። የመንገዱም ወሬ ጥሩ ስላልሆነ፣ ሁለት ሦስት አድርጎ ይላክልኝ በልልኝ ብላኛለች።»

«የት ነው የተሰበረው? በምን ምክንያት?»

«ወድቆ። ሌላ ምን አውቄ ጋሼ?»

«ስባሪውስ?»

አምላኩ በትክክል ያልሰማ መስሎት አንገቱን ሰገግ አደረገ። «የምኑ ስባሪ?»

«የብልቃጡ ነዋ። የተሰበረ ነገር ስባሪ ይኖረዋል።»

«ጠርጋ ደፍታው ይሆናላ። የጠርሙስ ስባሪ ማን ያስቀምጣል?»

ወይዘሮ ስርጉት ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ስጠው እንጂ አንተ ሰው። ልጅህ ናት እኮ፤ አካፋ የጠፋበት ዘበኛ አደረግሃት?»

ሚስታቸው ነገሩን ንፉግነት አስመስለው በመናገራቸው አቶ ሀብተ ሥላሴ ቅር ተሰኙ። ንፉግነት አልነበረም። ለልጃቸው ከሆነ ጋኑን ከነአሸዋው ቢሸከሙ ደስ ይላቸዋል። በልባቸው የነበረው ሌላ ነው። ዛሬ ወደቀ ተብሎ ያለ ምንም ማስረጃ ከወጣ፣ ነገ ረሳሁት፣ ከነገ ወዲያ ጠፋብኝ ተብሎ ይወጣል፤ ጋኑ ሳይታወቅ ይራቆታል። ከዚያ ሁሉ በላይ ልጅቱ መጠንቀቅ መልመድ አለባት። እኔ ብሞት ማን ሊቆምላት ነው? እያሉ ያስቡ ነበር። ሐሳቡ ውስጥ ፍቅር አለ፤ ይህ ግን ነቀፋውን አያቀልለውም። ልጃቸውን ለማስተማር የመረጡት ቀን ልጃቸው እርዳታ የጠየቀችበትን ቀን ነው።

«ስባሪው ይምጣ» አሉ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ስባሪውን ይዘህልኝ ና፤ አንድ አይደለም፣ ሁለት እሰጥሃለሁ።»

«ጥላው ከሆነስ?»

«የጣለችበትን አታጣውም።»

አምላኩ ወይዘሮ ስርጉትን ዞር ብሎ አየ፤ እሳቸው ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። «ሰው ስጭን፣ እህል ስጭን ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ የጠርሙስ ስባሪ ልጫን» እያለ ወጣ። ወይዘሮ ስርጉት አልተከተሉትም፤ ጋኑ ያለበትን ጓዳ ያውቁታል፤ ገንቦዋንም ማውጣት አያቅታቸውም ነበር። ለዓመታት ባላቸው ሲወስኑ ዝም ማለት ለምደዋል፤ በዚያች ቀንም ዝም አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምላኩ አልመጣም። በሳምንቱ አጋማሽ፣ እሱ ስባሪውን ሳያገኝ ከሞጣ በተመለሰ ማግስት፣ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ወዲያው ስልኩም ጠፋ። ለስንት ቀን እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በየደጁ የሚወራው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ጠዋት ተከፈተ የተባለው ማታ ብሶበታል ይባላል። አቶ ሀብተ ሥላሴ በመጀመሪያው ሳምንት አልተረበሹም። ከዚህ በፊትም መንገድ ተዘግቶ ያውቃል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ይከፈት ነበር። ልጃቸው በእጇ የተከፈተ ብልቃጥ አለ፤ ያ እስኪያልቅ ጊዜ አለ። እንዲህ ብለው ራሳቸውን አረጋጉ፤ ጋናቸውንም አጠጡ።

በሁለተኛው ሳምንት መረጋጋቱ ሸሻቸው። መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር፤ መድኃኒት ከገበያ ቢጠፋም፣ ሌባ ቢገባም፣ ቤት ቢቃጠልም አስበውበት ነበር። እሳቸው እዚህ፣ ልጃቸው እዚያ ሆነው በመካከል ምንም ነገር የማያልፍበት ቀን ግን በሐሳባቸው ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በየማለዳው ወደ መናኸሪያው ይወርዳሉ። መናኸሪያው ባዶ ነው፤ ከብት ገብቶበት ሣር ይነጫል። አምላኩን አውቶቡሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያገኙታል።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ያው ነው ጋሼ። ይኸው ዶሮዎች ወንበሬ ላይ እንቁላል መጣል ጀምረዋል። ከተከፈተ መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው።»

«ወደዚያ የሚሄድ ሰው አጣህ? መልእክተኛ፣ ነጋዴ፣ ማንም ቢሆን?»

«ብልቃጡን ለማን አምነው ሊሰጡ?» አለ አምላኩ። ለማሾፍ ብሎ አልነበረም፤ ሲናገረው ግን ራሱም ደነገጠና ዐይኑን ወደ ጎማው መለሰ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ጋኑን ይከፍታሉ፤ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ብርሃን ያነሷቸዋል፤ መልሰው ይጠቀልሏቸዋል። ሁሉም ደኅና ነበሩ። አንዱም አልተበላሸም። ሥራቸው ምንም እንከን አልተገኘበትም፤ ልጃቸውን ለማዳን የሚያስፈልገው ሁሉ በእጃቸው አለ፤ እጃቸው ግን ከጓዳው ደጃፍ አያልፍም። ባዶ ቤት ያለ ሰው ቢያንስ የሚፈልገው ነገር ይኖረዋል፤ ይለምናል፣ ይሮጣል። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ነገር ፊታቸው ተቀምጦ ያጡት መንገዱን ብቻ ስለሆነ፣ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር ሥራ አልነበራቸውም።

ወይዘሮ ስርጉት አልወቀሷቸውም። ምግብ ያቀርባሉ፤ ያነሳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ ባላቸው አሸዋውን ሲያጠጡ ቆመው እያዩ፣ «ስታጠጣው የሚበቅል ይመስልሃል?» አሉ። 

በዚያ ሰሞን በደብረ ወርቅ በኩል ነጭ ሽንኩርት በአህያ የጫኑ ገበሬዎች በአቋራጭ እየመጡ ቢቸና ገበያ ላይ ይታዩ ጀመር። አቶ ሀብተ ሥላሴ ጠጋ ብለው ጠየቋቸው። ገበሬዎቹ እስከ ደብረ ወርቅ ያለውን እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደማያውቁ ነገሯቸው። እሳቸውም ጉልበታቸውን አሰቡ፤ ዕድሜያቸውን አሰቡ፤ ብልቃጦቹ በመንገድ ቢሞቁ ወይም ቢወሰዱ ሁሉም ነገር እንደሚጠፋ አሰቡ። መንገዱ ነገ ቢከፈትስ? ጠብቀው በደህናው መላክ እንጂ ሁሉን ነገር ለአደጋ ማጋለጥ የብልህ ሥራ ሆኖ አልታያቸውም። ገበሬዎቹ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ገበያም መጥተው ሄዱ። ጥንቃቄ እግርን ሲያስር ከፍርሃት የሚለይበት ምልክት የለውም፤ አቶ ሀብተ ሥላሴም አልለዩትም።

በመጨረሻ ያስነሷቸው ወይዘሮ ስርጉት ናቸው። አንድ ማለዳ ባላቸው ከመናኸሪያው ሲመለሱ ጫማቸውን አጥብቀው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ስልቻ ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው።

«ወዴት ነው?»

«ሞጣ።»

«በምን?»

«ልጄን ስወልድ በምን እንደወለድኩ አልጠየቅከኝም» አሉ ወይዘሮ ስርጉት። «መድኃኒቱን ስጠኝ። ከፈለግህ ስባሪ አመጣልሃለሁ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ «እኔ ነኝ የምሄደው» አሉ። ስልቻውን ከእጃቸው ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁሉንም ይዘው ቢሄዱና በመንገድ ቢጠፋ ምንም አይቀርም፤ ስለዚህ ብልቃጦቹን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹን በፔርሙሱ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ አደረጉ፤ ግማሹን ለወይዘሮ ስርጉት አደራ ሰጥተው አሸዋው እንዴት ውኃ እንደሚጠጣ ማስረዳት ጀመሩ። ወይዘሮ ስርጉት፣ «ለዓመታት ሳይ የኖርኩትን ነው የምታስተምረኝ?» አሏቸው። አማቻቸው በሰላሙ ጊዜ አጎንብሶ የለመናቸውንና የከለከሉትን ነገር በጭንቁ ጊዜ ማንም ሳይጠይቃቸው አደረጉት።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ ጋር ተነሱ። አህዮቹ በሚሄዱበት ፍጥነት መሄድ ስላቃታቸው ገበሬዎቹ ተራ በተራ እየቆዩ ይጠብቋቸው ነበር። ምንጭ ባገኙ ቁጥር ጨርቁን ያርሳሉ፤ ጥላ ባገኙ ቁጥር ፔርሙሱን ከስልቻው አውጥተው ያስነፍሱታል። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ገበሬዎቹ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ከአንዱ መንደር ወደሌላው የሚያሻግራቸው ሰው እየለመኑ ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ወደፊት ማለፍ እንደማይቻል ተነግሯቸው ወደኋላ ተመለሱና በአንድ ቄስ ቤት ከረሙ፤ ነገሩ ሲበርድ ቄሱ ራሳቸው በገደሉ በኩል አሳለፏቸው። ጉልበታቸው አብጦ ነበር። በመንገዳቸው ሁሉ ለምነው የከለከላቸው ሰው አልነበረም። ማንም ለሰጣቸው እንጀራ ማስረጃ አልጠየቃቸውም። ይህን ያስተዋሉት ግን በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሐሳባቸው ሁሉ ጨርቁ እንዳይደርቅ ነበር።

ሞጣ የገቡት በጠራራ ፀሐይ ነው። የልጃቸው ቤት አጥር ጋ ደረሱ። ከውስጥ ለቅሶ ይሰማ ይሆን ብለው ቆመው አዳመጡ። የሚሰማው የአማቻቸው የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ነበር። ገፍተው ገቡ።

ብሩክታይት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር። ጉንጮቿ ጎድጉደዋል፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። በሕይወት ግን ነበረች።

«አባባ?» አለች፤ ለመነሳት ሞክራ ተመልሳ ተቀመጠች። «በምን መጣህ?»

አቶ ሀብተ ሥላሴ እግሯ ሥር ቁጭ ብለው ፔርሙሱን ከስልቻው አወጡ፤ ሰማው መጥቶ ክዳኑን ከፈተላቸው። ብልቃጦቹ አልሞቁም፤ አንዱም አልተሰበረም። አባትየው እነሱን አይተው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያልጠበቁት ጥያቄ የመጣባቸው።

«በምን ቆየሽ?»

ብሩክታይት ወደ ሰማው ተመለከተች። የመለሰው እሱ ነው።

«ስለ እማማ ፀሐይነሽ ሰምተው ይሆናል አባባ። እዚህ አጥር የምንጋራቸው ባልቴት። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ነው የሚወጉት። የእሷ ሊያልቅ ሲል ከተማውን ዞርኩት፤ የትም የለም። እማማ ፀሐይነሽ ሰምተው ራሳቸው ብልቃጣቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ‹አብረን እንወጋ› አሉ። ‹ለእርስዎስ?› ስንላቸው፣ ‹ቤት ሌላ አለኝ› አሉን።»

«ነበራቸው?»

«አልነበራቸውም» አለች ብሩክታይት። «ያቺው ብቻ ነበረች። የራሳቸውን መጠን እየቀነሱ እኔን ነበር የሚያስወጉኝ። ሲወድቁ ነው ያወቅነው። ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ እዚያም አልነበረም።»

«አሁን የት ናቸው?»

 ሰማው፣ «ባለፈው ሐሙስ ቀበርናቸው» አለ። «እሷ ከእማማ ብልቃጥ የተረፈችውን እየቆጠበች ነው የቆየችው። እርስዎ ዛሬ ባይመጡ ነገ ከነገ ወዲያ እሷም...»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ልጃቸው መርፌዋን ስትወጋ አጠገቧ ተቀመጡ። በቄሱ ቤት የከረሙበትን፣ መናኸሪያ የተመላለሱበትን፣ ገበያ ላይ ቆመው የጉልበታቸውን ነገር ያሰቡበትን ጊዜ በልባቸው መለሱት። አምላኩ ባዶ እጁን የመጣበትንም ቅዳሜ አሰቡት፤ በዚያ ቅዳሜ ሁለት ብልቃጥ በፔርሙስ ሆኖ ቢሄድ ኖሮ ባልቴቷ ብልቃጣቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይህን አጥር ባልተሻገሩ ነበር። ልጃቸው ድናለች። ያዳናት ግን የእሳቸው ጋን አይደለም፤ ምንም ያላከማቸች፣ ያላትንም ሳትቆጥር የሰጠች ሴት ናት። ይህችንም ሴት የገደላት የእሳቸው ጥንቃቄ ነው ብሎ መናገር ያከራክር ይሆናል፤ በዚያን ሰዓት በእሳቸው ልብ ውስጥ ግን የሚከራከር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሰማው ወደ ለቅሶው ቤት ወሰዳቸው። ድንኳኑ ገና አልተነሳም። ጥቂት ሴቶች በአንድ ጥግ ተቀምጠዋል፤ የሟቿ ልጅ ማናለሽ ጥቁር ለብሳ በመሃላቸው አለች። አቶ ሀብተ ሥላሴ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንዲት ሴት ንፍሮ አቀረበችላቸው፤ ጥቂት ዘግነው ያዙት፤ አልቀመሱትም። ማናለሽ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች።

«የብሩክታይት አባት ነዎት አይደል?»

«ነኝ ልጄ።»

«እናቴ ታነሳዎት ነበር» አለች። ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «አላየችዎትም እንጂ በወሬ ታውቅዎት ነበር። እኛ ስንቆጣት፣ ለራስሽ አስቢ ስንላት፣ ‹ተዉኝ፤ ቢቸና ያለው አባቷ ጋን ሙሉ መድኃኒት ያለው ብልህ ሰው ነው፤ መንገድ ሲከፈት ይተካልኛል› ትለን ነበር። በእርስዎ ተማምና ነው የሰጠችው።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ንፍሮው በእጃቸው እንዳለ አንገታቸውን ደፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው እንዲህ እንዲያምናቸው ሲደክሙ ኖረዋል።

«መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው?» አለች ማናለሽ።

«አልተከፈተም።»

«ታዲያ በምን መጡ?»

«በእግሬ።»

ማናለሽ ቀና ብላ አየቻቸው። በፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያልገባውን ነገር በቅንነት እንደሚጠይቅ ሰው ነበረች።

«በእግር ይመጣ ኖሯል እንዴ?» አለች።

በድንኳኑ በር በኩል ሌሎች ለቅሶ ደራሾች እያለቀሱ ገቡ፤ ማናለሽም መልስ ሳትጠብቅ ተነስታ ሄደች። አቶ ሀብተ ሥላሴ አግዳሚው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ሰዎች ገቡ፤ አልቅሰው ወጡ፤ ሌሎች ተተኩ። ሰማው መጥቶ «እንሂድ አባባ» ሲላቸውም ቀና ብለው አዩት እንጂ ለመነሳት አልተንቀሳቀሱም።